የደሳለውን ታሪክ ማን ያንብብ

በአርባው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ዳስ እየተጣለ ባለበት በሟቹ ተመራማሪ በዶክተር ደሳለው ግቢ፤ ባለቤቱ መምህርት ትርንጎና የምርምር ጣቢያው የቀድሞ ኃላፊ ዶክተር ክንፈ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

ትርንጎ፦ አያነቡትም አልኩ እኮ፣ ዶክተር ክንፈ። ስንት ጊዜ ልበል?

ክንፈ፦ ወይዘሮ ትርንጎ፣ አለቃው እያለ የሕይወት ታሪኩን ሌላ ሰው ያንብብ? ከክልል ድረስ እንግዶች ይመጣሉ። አዲሱ ላቦራቶሪ በስሙ ሊሰየም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

ትርንጎ፦ የማን ስም? የጻፉትን አይቸዋለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ደሳለው አራት ጊዜ፣ ክንፈ ዘጠኝ ጊዜ ተጠርቷል። የሞተው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ተቸግሬ ነበር።

ክንፈ፦ አመራሩን ለማሳየት ያህል ነው።

ትርንጎ፦ ሠላሳ ዓመት የልጆች ድርሰት አርሜአለሁ። ከጎረቤቱ የገለበጠ ልጅ እንኳ የራሱን ስም የሚጽፈው አንዴ ነው፤ ከላይ።

ክንፈ፦ ሐዘኑ ነው የሚያናግርዎት። አልቀየምም።

ትርንጎ፦ የላቦራቶሪው ቦርድ ሰብሳቢነት ለእርስዎ እንደታሰበ ሰምቻለሁ። ለዚያ ሲባል ብዙ ነገር የሚቻል ይመስለኛል፣ አለመቀየምም ጭምር። እስቲ፣ "ቤተሰቡን አፍቃሪ" ያሉት ምን አውቀው ነው?

ክንፈ፦ ይኼን ማን ያጣዋል? ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት።

ትርንጎ፦ የልጆቹን ሹሩባ የሚሠራው እሱ ነበር። እኔ አልችልበትም። መስመሩን ሲያወጣ እንደ ማሳ ይለካዋል፤ አንዷ ከተጣመመችበት አፍርሶ ይጀምራል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲያረፍዱ "ምርምር ላይ ነበርን" ይላሉ። ጽፈውታል?

ክንፈ፦ እንዲህ ያለው ነገር እንግዶች ፊት ትንሽ…

ትርንጎ፦ ያሳፍራል? እሱን አላሳፈረውም።

ክንፈ፦ እሺ፣ ይጨመር። ዋናው ግን ዘሩ ነው። እግር የማይሰብር ጓያ ለገበሬው ያቀረበ ሳይንቲስት። ታሪኩ ይኼው ነው።

ትርንጎ፦ "ያቀረበ።" ዝናብ ባለበት ዓመት መርዙ ይቀንሳል፣ በድርቅ ምን እንደሚሆን ግን ገና አላውቅም አላለዎትም? ሁለት ክረምት ጨምሩልኝ ብሎ አልለመነም?

ክንፈ፦ የትኛው ተመራማሪ ነው ጊዜ ጨምሩልኝ የማይል? የዘሩ ምረቃ ቀን ተቆርጦ፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ትርንጎ፦ ድንኳኑማ ደርሶ ነበር። ያልደረሰው ዘሩ ነው።

ክንፈ፦ ያለፈ ነገር ነው፣ እመቤቴ።

ትርንጎ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ቆላ ምንጬ መንደር ይውረዱና ያለፈ ነው ይበሏቸው። በዚያ የድርቅ ዓመት ሌላ እህል ሲጠፋ ያንን ጓያ የበሉ አሥራ አንድ ሰዎች ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። እነሱን የትኛው ገጽ ላይ አስገቧቸው?

ክንፈ፦ እንግዲህ አስገደዱኝ። ዘሩ ይውጣ ብሎ የፈረመው ደሳለው ራሱ ነው። ፊርማው ፋይል ውስጥ አለ። እኔ ካነበብኩ ይኼ ተሸፍኖ ያልፋል። ሌላ ሰው አንብቦ ነገር ቢነሣ ግን ስሙን ማን ይጠብቅለታል?

ትርንጎ፦ አሁን ወደ ነገሩ መጡ። እስካሁን ለቅሶ ደራሽ መስለውኝ ነበር።

ክንፈ፦ ለልጆቹ አስቤ ነው።

ትርንጎ፦ ለልጆቹ። ማስተዋል ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ልቧን የሚከታተላት ሐኪም ያለው እዚህ ከተማ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ አባቷን ጠረፍ ወዳለው ንዑስ ጣቢያ የሚያዛውር ደብዳቤ ጽፈው ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጡ፤ ከጎኑ ዘሩ ይውጣ የሚለውን ቅጽ። ወይ ይኼን ፈርም፣ ወይ ያንን ተቀበል።

ክንፈ፦ ማን ነገረዎት?

ትርንጎ፦ ማን ይነግረኛል፣ ራሱ ነዋ፣ በዚያው ቀን። የልጅቱን ፀጉር እየፈታ ነበር፤ ማበጠሪያውን አስቀመጠና ነገረኝ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እሳቱን የለኮሱት እርስዎ ግን ቡና ሲጠጡ ይውሉ ነበር።

ክንፈ፦ ታዲያ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ለምን አንድ ቀን አላነሣብኝም?

ትርንጎ፦ ከእርስዎ ጋር ምን ያነጋግረዋል? ሥራ ነበረበት። የዓመት ፈቃዱን የት የሚያሳልፍ ይመስልዎት ነበር?

ክንፈ፦ ከእናንተ ጋር ሲዝናና ነዋ። "ሽርሽር ወዳድ" ብዬ ጽፌአለሁ እኮ።

ትርንጎ፦ አንብቤ ሳቅሁ፤ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ዘሩ የገባበትን መንደር እየዞርን ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ቤት ለቤት። ጓያውን ይሰበስባል፣ በምትኩ ሽምብራ ይሰፍራል። በየደጃፉ ቆሞ "አጥፍቻለሁ፣ ዘሩን መልሱልኝ" ይላል። ልጆቹ ከኋላው ጆንያ ይዘው ይዘፍናሉ፤ ሽርሽር መስሏቸው ነው ያደጉት። ቆላ ምንጬ ላይ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አነሡበት። አልሸሸም፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመላቸው። በሦስተኛው ዓመት የጆንያውን አፍ የያዙለት እኒያው ሽማግሌ ናቸው።

ክንፈ፦ ይኼን አላውቅም ነበር።

ትርንጎ፦ አለማወቅ ሥራዎ ነበር። በእሱስ ሰንፈው አያውቁም።

ክንፈ፦ ግን ይኼ ትልቅ ታሪክ ነው። ይፍቀዱልኝና ይኼንንም ላስገባው። "በጣቢያው ድጋፍ ዘሩን መልሶ በማሰባሰብ" ብለን…

ትርንጎ፦ በጣቢያው ድጋፍ። እሺ፣ ያንብቡ።

ክንፈ፦ ፈቀዱ?

ትርንጎ፦ ፈቀድሁ። የእርስዎን ግን አይደለም። ደሳለው አልጋ ላይ ሳለ የራሱን ታሪክ ጽፏል፤ ሁለት ገጽ ነው። ሹሩባው አለበት፣ ፊርማው አለበት፣ ደብዳቤዎ አለበት። አሥራ አንዱም ሰዎች በየስማቸው ተጽፈዋል። ነገ ይመጣሉ፤ የፊቱን መደዳ ለእነሱ ይዣለሁ። እንኩ፣ መነጽርዎን ያድርጉና ይለማመዱት።

ክንፈ፦ ወይዘሮ ትርንጎ… እንዲህ ያለውንስ የቤተሰብ ሰው ቢያነበው ነው የሚሻለው። ማስተዋል ታንብበው።

ትርንጎ፦ ልክ ነዎት፣ እሷው ታነብበዋለች። ለእርስዎ በአሥራ አንዱ ሰዎች መሃል ወንበር ይዤልዎታለሁ።