በደጉ መዝገብ የጎደለ ስም

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ የሚሄድ ሚኒባስ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ረዳቱ «ከዚህ ወዲያ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ በእግራችሁ!» አለና በሩን ከፈተ። ሒሳብ ግን አልመለሰም። የረዳትን እጅ የሚያስከፍት ሁከት ገና አልተፈጠረም።

ከወረዱት አንዷ ጣቢታ ነበረች። ከሆሳዕና ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ሰበታ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የተማሪዎች መዝጋቢ ናት። ኦሮምኛ አታውቅም። ያ ሰሞን ደግሞ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያጣምራል በተባለው ማስተር ፕላን ጦስ ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ ጎማ የሚነድበት፣ ጥይት የሚጮህበት፣ ሰው ከቤቱ ተወስዶ የሚቀርበት ነበር። ፋይሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወዴት እንደምትሄድ ጨነቃት።

የነተበ የወታደር ካፖርት የለበሰ፣ በግራ እግሩ የሚያነክስ ሰው ጠጋ አላት። «አትፍሪ ልጄ፣ አብረን እንሂድ። ኢተፋ እባላለሁ። ከጥበቃ አድሬ ወደ ቤቴ መግባቴ ነው።»

መንገድ ለመንገድ ጨዋታ ያዙ። በዘበኝነት የተቀጠረበት ፋብሪካ የቆመበት መሬት የአባቱ እርሻ እንደነበር፣ አሁን አጥሩን እንደሚጠብቅ ነገራት። በጦር ሜዳ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነበር፤ እግሩን ተመትቶ ከተሰናበተ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል።

«የፋብሪካው ጄኔሬተር ሲበላሽ እኔን ይጠራሉ» አላት። «ሲነሳላቸው ወደ በር ጥበቃዬ ይመልሱኛል።»

«ለምን በሙያው አይቀጥሩዎትም?»

«ወረቀት የለህማ ይሉኛል።»

ጣቢታ ቆመች። «ኦቦ ኢተፋ፣ ጌታ ነው ያገናኘን! ኮሌጃችን በየዓመቱ ለተሰናበቱ ወታደሮች አምስት ቦታ ይይዛል። የኤሌክትሪክ ትምህርት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለት ዓመት። ሌላው በወር አራት መቶ ብር ይከፍላል፤ እናንተ ግን ከመመዝገቢያው መቶ ብር በቀር ምንም። የስንብት ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ ይዞ መምጣት ብቻ ነው። እስካሁን የተመዘገበው አንድ ሰው ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።»

ኢተፋ ፊቱ ጠቆረ። ለምን እንደጠቆረ አልገባትም።

«የነፃ ነገር የለም» አለ። «የእህቴ ልጅ ኦዳ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኮስት ሼሪንግ ብለው አስፈርመውታል። ዕዳ ነው።»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ኮስት ሼሪንጉ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚቆረጥ ነው። የኛ ግን ጭራሽ የተሰረዘ ክፍያ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ እያደረገ ከደጃፋችን ይመለሳል። ካላመኑኝ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ፦ ማን ይከፍላል? መቼ? ባቋርጥስ?»

«እሺ፣ ባቋርጥስ?»

«ታምመው ከሆነ ማስረጃ ያምጡ፣ ቦታዎ ይጠበቃል። ዝም ብለው ከጠፉ ግን ለሌላ ይሰጣል።»

«በአርባ ሦስት ዓመቴ ከልጆች ጋር ወንበር ልጋፋ?»

«በአርባ ሦስት ዓመትዎ ብርድ ላይ ቆመው ያድሩ የለ እንዴ?»

ፈገግ ያለ መስሏት ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚ ልጄ። ኦዳን ስምህ ዝርዝር ላይ አለ ብለው ወሰዱት። ሦስት ሳምንቱ። እናቱ የት እንዳለ አታውቅም። አንቺ ደግሞ የቀድሞ ወታደር በሚል ዝርዝር ላይ ተጻፍ ትይኛለሽ። መንግሥት ቢያገኘው ተመልሰህ ተኩስ ይለኛል። መንገድ የሚዘጉት ልጆች ቢያገኙት ከተኳሾቹ ወገን ነው ይሉኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ያየሁት ልጡን አይደለም፣ እባቡን ነው።»

ጣቢታ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። የተማረ ሰው ለሁሉ ነገር መልስ አለው የሚል ካለ፣ ከልቡ ፈርቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ከፊታቸው ድንጋይ ተደርድሯል። ዱላ የያዙ ወጣቶች ቆመዋል። ኢተፋ «አከም ቡልተን» ብሎ እንዴት አደራችሁ አላቸው። አንደኛው ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ ለጓደኞቹ «ሎልቱ ነው፣ ወታደሩ። እናውቀዋለን፣ ይለፍ» አለ።

«እሷስ?»

«ኢንተለ ኮቲ። ልጄ ናት» አለ ኢተፋ።

ሌላው ፋይሉን ከእጇ ነጠቀ። «ይሄ ምንድን ነው? የሰው ስም ነው?» እያለ ገለጠው። ውስጡ ያልተሞሉ የምዝገባ ቅጾች ብቻ ነበሩ። ልጁ አገላብጦ አየና መለሰላት።

ድንጋዩን አልፈው ተጓዙ። ጣቢታ ፋይሏን ብብቷ ሥር አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ያ ልጅ ምን ብሎ እንደጠራዎት ሰምተዋል? ወታደሩ! ስምዎ የተደበቀ መስሎዎታል? ቀበሌው ያውቅዎታል፣ ፋብሪካው ያውቅዎታል፣ ድንጋይ የደረደሩት ልጆች ያውቁዎታል። ኦቦ ኢተፋ፣ ስምዎ በክፉው መዝገብ ሁሉ ሰፍሯል፤ የጎደለው በደጉ ብቻ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እርስዎ ዝም ሲሉ ፍርሃቱ አይቀርልዎትም፤ የሚቀርብዎት ሙያዎ ነው።»

ኢተፋ እስከ ኮሌጁ ሸኛት። በሩ ላይ «ደኅና ዋይ» ብቻ ብሏት ሄደ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጠበቀችው። ኮሌጁ ጭር ብሏል። የኮሌጁ ዲን ከሰዓት በኋላ መጥተው «ሰው መንገድ አጥቶ ነው፤ ለወታደሮቹ ቦታ ምዝገባውን እስከ ረቡዕ አራዝሚው» አሏት። እሷ ግን አይመጣም ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኢተፋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ገባ። ጣቢታ በደስታ ብድግ አለች። እየጠየቀች ቅጹን ሞላችለት። የመጨረሻው ጥያቄ «ስለ ዕድሉ ከማን ሰሙ?» ይላል።

«እዚህ ላይ እንኳ የኔን ስም ልጻፍ» አለች እየሳቀች።

«አይደለም። ዲኖ ብለሽ ጻፊ።»

«ዲኖ ማነው?»

ኢተፋ ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገ። «በጦር ሜዳ አንድ ምሽግ ውስጥ የከረምን ጓደኛዬ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ይህንኑ ማስታወቂያ ከግድግዳችሁ ላይ ገልብጦ መጣና እንማር አለኝ። ሰው ፊት ሳቅሁበት። ሽበትህን ለአስተማሪ ልታሳይ ነው? አልኩት። አፈረና ተወው። ሱሉልታ የመጋዘን ጥበቃ ገባ። የዛሬ ሳምንት መጋዘኑ ሲቃጠል ውስጥ ነበር።»

ጣቢታ ብዕሯን ቅጹ ላይ አኖረች።

«ትናንት ዝም ያልኩሽ ሳላምንሽ ቀርቼ አይደለም» አላት። «ትክክል ነሽ ካልኩ ዲኖም ትክክል ነበር ማለት ነው። ይህን ማለት ነው የከበደኝ።»

የዲኖን ስም ጻፈችው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም አደረገች።

እነሆ አንድ ሰው አመነ። ሁለት ዓመት ተምሮ የብቃት ምዘናውን ካለፈ፣ በሩን ትቶ ጄኔሬተሩ ዘንድ ይገባል፤ ደመወዙም የባለሙያ ይሆናል፤ አሥራ አምስት ዓመት በእጁ የነበረው ዕውቀት ወረቀት ያገኛል። መንገዱ ተከፍቶ የቆየ ነበር። በሩን የዘጋው አላዋቂነት ብቻ አይደለም፤ የሰማውን ሰው ያሳፈረ ሣቅም ነው። ሣቅ ርካሽ ነገር ነው እያልን ስንቱን ሰው ቀበርንበት።

«ስንት ቦታ ቀረ?» አለ ኢተፋ።

«ሦስት።»

«ሦስት ቅጽ ስጪኝ። ብርቅዬ አብራን የዘመተች ናት፤ ቡራዩ ድንጋይ ትሸከማለች። ሱሩርና ፈቀደ ሱሉልታ አሉ። መኪና ካጣሁ በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ።»

«እነሱም ቢስቁብዎትስ?»

ቅጾቹን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ይሣቁ» አለ። «ሲጨርሱ ስለ ዲኖ እነግራቸዋለሁ።»