እስከ መጋዘኑ በር

ባለፋኖሱ የወንድማቸውን ልጅ ያገኟት ሊያገኟት አስበው አልነበረም። የካርቶን ማሸጊያ ስኮች አልቆባቸው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ገዝተው ሲወጡ፣ እሷም ከጎኑ ካለው ፋርማሲ ስትወጣ፣ ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም። በሥራ ቀን ከምትሠራበት መጋዘን ውጭ አይተዋት ስለማያውቁ ደነገጡ። ከፊቷ በፊት ያዩት ግራ እጇን ነበር፤ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

ስለ ሰውየው ጥቂት መናገር ግድ ይላል። ባለፋኖሱ አሮጌ የብረት ፋኖሶችን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች እየለቀሙ፣ ዝገቱን አራግፈው፣ ክሩንና የጋዙን ቋት አውጥተው፣ በምትኩ ባትሪና ትንሽ አምፖል የሚገጥሙ የእጅ ባለሙያ ናቸው። ድሮ በሱቃቸው ደጃፍ ይሸጡ ነበር፤ አሁን በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ገዢዎቻቸው ባሕር ማዶ ቢሆኑም የሚሰጧቸው አድራሻ የራሳቸው ቤት አይደለም፤ ከሰውየው ሱቅ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለ የአንድ ዕቃ አስተላላፊ መጋዘን ነው። መጋዘኑ ከየሻጩ የመጣውን ይሰበስብና በአውሮፕላን ይልክላቸዋል። የወንድማቸው ልጅ የምትሠራውም እዚያው ነው፤ ሚዛኑ ጋ ቆማ የየካርቶኑን ክብደት ትመዘግባለች።

ሰውየው አንድ የሚኮሩበት ልማድ አላቸው። ፋኖስ ጨልሞ ከእጃቸው አይወጣም። ባትሪውን ጢም አድርገው ይሞሉታል፤ ገዢው ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ነካ ሲያደርገው ቦግ ይልለታል፤ ይህን ሲያስቡ ደስ ይላቸዋል። ካርቶኑ ላይ ግን «የቤት ጌጥ» ብለው ይጽፋሉ። ባትሪ ብለው ቢጽፉ ጥያቄው ይበዛል፣ ዕቃው ይዘገያል፣ ገዢው ያኮርፋል ባይ ናቸው። አራት ዓመት እንዲህ ሠርተው አንድም ቀን ክፉ አልገጠማቸውም።

«እጅሽን ምን ነካው፣ ልጄ?» አሉ።

ነገረቻቸው። ትናንት ጠዋት አንድ ካርቶን አንስታ ሚዛን ላይ ስታስቀምጠው መዳፏ ላይ ሙቀት ተሰማት። ፀሐይ ላይ የቆየ መስሏት ነበር። ወዲያው ከጥጉ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ ከሌሎቹ ላርቀው ብላ ጎትታ ወለሉ ላይ ስትጥለው ፈነዳ። ሁለት ሠራተኞች በእሳት ማጥፊያ ተረባርበው እንኳ ለማጥፋት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «የልጆች መጫወቻ» ነው። ውስጡ የነበረው ባትሪ ነው።

ባለፋኖሱ ቀኑን ቆጠሩ። ሰኞ ዕለት አሥራ ሁለት ፋኖስ በአንድ ካርቶን ወደዚያ መጋዘን ልከዋል፤ ቀኑ ሐሙስ ነው። ፍርሃታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይነበብ ስኮቹን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማዘዋወር ያዙ። ደፋር የሚመስል ክርክር የጀመሩትም ከዚያው ፍርሃት የተነሳ ነው።

«ጥፋቱ የእናንተ ነው» አሉ። «ያ ሁሉ ሠራተኛ እያለ የመጣውን ሳታዩ ለምን ትቀበላላችሁ?»

«አጎቴ፣ የሰው ካርቶን የመክፈት ሥልጣን የለንም» አለች። «እንመዝናለን፣ ላዩ ላይ ያለውን ወረቀታችን ላይ እንገለብጣለን፣ እናሳልፋለን። ሻጩ መጫወቻ ካለ የእኛ ወረቀት መጫወቻ ይላል፤ የጉምሩኩም መጫወቻ ይላል፤ ጫኙም መጫወቻ ነው ብሎ ይጭናል። ከሻጩ በኋላ ያለው ሰው ሁሉ የሚሠራው በሻጩ ቃል ነው።»

ባለፋኖሱ በዚህ የሚበገሩ አልነበሩም። ገዢው መጋዘኑን የመረጠው ራሱ መሆኑን፣ ባሕር ማዶ ላክልኝ ብሎ እንዳልጠየቃቸው፣ ያዘዛቸው እዚሁ እንዲያስረክቡለት ብቻ መሆኑን አንድ በአንድ አስረዷት። የኢንተርኔት ሱቁም ደንብ ከእሳቸው ጋር ነው፤ ዕቃው ገዢው የሰጠው አድራሻ ደርሶ ከተፈረመለት፣ ከዚያ ወዲያ ቢሰበርም ቢጠፋም ሻጩ አይጠየቅም። «እኔ እስከ መጋዘኑ በር ነኝ» አሉ። «በሩ ላይ አስረክቤ እጄን ታጥቤያለሁ።»

ይህን ክርክር እንደ ሞኝ ክርክር ማለፍ አይገባም። ሺህ ሻጭ በየቤቱ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ልጅቱም ብልህ ስለነበረች ግማሹን እውነት አልነሳቻቸውም።

«ቢሰበር ወይም ቢጠፋ፣ ልክ ነዎት» አለች። «ያ ደንብ ገዢው ዕቃዬ ጎደለ ሲል ማን ይጠየቃል የሚለውን ነው የሚቆርጠው። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ የመናገሩን ነገር ግን ከሻጩ ላይ ያነሳለት ሰው የለም። ማንሳትም አይቻልም፤ የሚያውቀው ያሸገው ሰው ብቻ ነዋ።»

«ገዢውስ? የገዛውን አያውቅም?»

«ገዢው የሚያውቀው ፎቶውን ነው። ማብሪያው በየት በኩል እንደተኛ ያውቃል? ላዩ ላይ ምን እንደተጫነ፣ ባትሪው ሞልቶ ይሁን ባዶ ያውቃል?»

ባለፋኖሱ ስኮቹን ማገላበጥ ያዙ። ልጅቱ ስኮቹን አየች። የአጎቷን ሥራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ያን ልማዳቸውንም ታውቃለች።

«አጎቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በዚህ ሳምንት ልከዋል እንዴ?»

አልላክሁም ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ላይ መጥቶ ቆሟል። ልኬያለሁ ካሉ መጋዘኑ ስማቸውን ይሰርዛል፤ የኢንተርኔት ሱቁም ገጻቸውን ይዘጋል፤ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው የለም። ዝም ካሉ ደግሞ ካርቶኑ እንደ ሌሎቹ በሰላም ይደርስ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሐሳብ አሰቡ፤ ማሰባቸውን አልደብቅላቸውም።

«የእኛ ጭነት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል» አለች ልጅቱ፣ መልሳቸውን ሳትጠብቅ። «የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። ካርቶኑ ከታች ከሻንጣው ጋር ነው የሚጫነው። ከላይ ሰው አለ።»

ባለፋኖሱ ስኮቹን ኪሳቸው ከተቱ። «ሰኞ ነው የላክሁት» አሉ። «አሥራ ሁለት ናቸው። ሁሉንም ሞልቻቸዋለሁ።»

ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ታክሲ ያዙ፤ ልጅቱ ወደ መጋዘኑ ቢሮ ደወለች፤ የምሳ ሰዓት ነውና የሚያነሳ ጠፋ። ደግማ ደወለች። ባለፋኖሱ ከጎኗ ተቀምጠው ከፊት ያለውን መኪና ሁሉ በልባቸው ይገፉ ነበር። ያሸጉትን ካርቶን በዓይነ ህሊናቸው እየከፈቱ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከሩ። ስድስቱን አስታወሱ። የቀሩትን አላስታወሱም፤ ሰኞ ቸኩለው ስለነበር በፋኖሶቹ መሐል ጋዜጣ ጠቅጥቀው ክዳኑን በጉልበታቸው ተጭነው ነበር የዘጉት። ይህ ትዝ ሲላቸው ሾፌሩን ፍጠን አሉት።

መጋዘኑ ሲደርሱ የጭነት መኪናው በሩ ላይ ቆሞ፣ ግማሹን ጭኗል። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ ቀጭን ሰው፣ ነገሩን ከልጅቱ ሰምቶ ሳይጨርስ ጫኞቹን አስቆመ። ከዚያም ወደ ባለፋኖሱ ዞረ።

«ምን የሚል ጽሑፍ አለበት?»

«የቤት ጌጥ።»

ኃላፊው ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ፊቱ ጠቆረ። በዚያ ጭነት ውስጥ «የቤት ጌጥ» የሚል ካርቶን ሰባ አራት ነበር። ጥያቄ እንዳይበዛበት የፈለገ ሻጭ ሁሉ የሚጽፈው ያንኑ ቃል ነው። ያስረከቡበት ወረቀትም፣ ትዕዛዙ ያለበት ስልክም ቤታቸው ቀርቷል፤ መጋዘኑም የሚመዘግበው በገዢው ስም ስለሆነ፣ የገዢው ስም ደግሞ ድንጋጤው አጥፍቶባቸው፣ የሻጮቹም ጽሕፈት በመጋዘኑ መለያ ወረቀት ተሸፍኖ፣ ያን ሁሉ ካርቶን በእጅ ከመዳሰስ ሌላ መንገድ ጠፋ።

ባለፋኖሱ በሚገርም ፍጥነት መኪናው ላይ ወጡ። መዳፋቸውን እያንዳንዱ ካርቶን ላይ እያሳረፉ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ሙቀት እንዳያገኙም ይጸልያሉ። አንዱ ቀዝቃዛ ነው። ቀጣዩም ቀዝቃዛ ነው። ከታች ልጅቱ በጤነኛ እጇ ትዳስሳለች፤ ፋሻ የታሰረውን እጇን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። አንድ ጫኝ ማጥፊያውን አቅፎ አጠገቧ ቆሟል። 

ካርቶኑን ያገኙት በሙቀቱ አይደለም። ከመኪናው ጥግ፣ ከሦስት ካርቶን ሥር፣ በእጅ መያዣው ቀዳዳ በኩል ቀጭን ብርሃን ይታይ ነበር።

ላዩ ላይ ያሉትን አነሡና ተንበርክከው ዳሰሱት። ይሞቃል። «እኔ ነኝ የማወርደው፤ ማንም እንዳይነካው» አሉ፤ አቅፈው አወረዱትና ግቢው መሐል፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጡት። ክዳኑን ሲከፍቱ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ በርቷል። ጋዜጣው ክብደቱን አሳርፎበት ማብሪያውን ተጭኖታል፤ ወረቀቱ በአምፖሉ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ መፈርፈር ጀምሯል። የባትሪው ቤት እንደ ጋለ ምጣድ ይፋጃል። ሌላ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አልጠየቀም።

«የማን ነው ብዬ ልጻፍ?» አለ ኃላፊው፣ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ።

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። አጎቷን እንዲህ ባለ ቦታ ማቆሟ አሳዝኗታል።

«የእኔ ነው» አሉ ባለፋኖሱ። «የቤት ጌጥ ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እንዳለ ጻፈው።»

ኃላፊው ጻፈ። መጋዘኑ ለሁለት ወር ከእሳቸው ዕቃ እንደማይቀበል ነገራቸው፤ ለኢንተርኔት ሱቁም አሳወቀ፤ ገጻቸው ታገደ። ያን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። ከግቢው ሲወጡ ዕድሜያቸው አሥር ዓመት የጨመረ ይመስል ነበር። አጥሩን ተደግፈው ቆሙና፣ «የቀደሙትስ?» አሏት።

«የቀደሙት ደርሰው ይሆናል፣ አጎቴ።»

«ይሆናል ነው የምትዪው?»

 በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ካርቶን፣ በስንት አውሮፕላን፣ ከስንት ሰው በታች እንዳስቀመጡ ያን ጊዜ ነው ያሰቡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በእነዚያ ሁለት ወሮች ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ በሱቃቸው እያለፈች አሠራሩን አስተማረቻቸው። የባትሪውን ሙሌት ከሲሶ በታች ማስቀረት ለመዱ። ከፋኖሱ ነቅለው ጫፎቹን በስኮች ይሸፍናሉ፤ ፋኖሶቹን እርስ በርስ እንዳይተሻሹ በየክፍላቸው ያቆማሉ፤ ካርቶኑ ላይ ባትሪ መኖሩን፣ ዓይነቱንና ቁጥሩን በደማቅ ቀለም ይጽፋሉ። አድራሻው የአስተላላፊ መጋዘን ሲሆን ደግሞ ገዢውን ዕቃው መጨረሻ የሚሄደው ወዴት ነው፣ በምንስ ነው የሚጓዘው ብለው ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ አገር የማያስገባው ነገር አለና። ገጻቸው ሲከፈት አንዳንድ ገዢ ይህን ሁሉ ጥያቄ ጠልቶ ሸሽቷል። የቀሩት ግን የጉምሩክ ጣጣ ቀለለላቸው፤ በእውነተኛ ስሙ የተጻፈ ካርቶን ለምርመራ ተይዞ ሳምንት አይከርምም። መጋዘኑም የሚጠረጥረውን ለይቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ አበጀ፤ መዛኞቹም ካርቶን ሲያነሱ እንደ ድሮው እየተሳቀቁ አይደለም። እውነቱን መጻፍ ያዘገያል የሚሉ ሰዎች፣ ውሸቱ ሲደረስበት የሚያዘገየውን ከነጉዳቱ ቢያስቡት መልካም ነው።

ባለፋኖሱ በዚህ ብቻ አላበቁም። ማንም ሳያዛቸው ለቀደሙት አርባ አንድ ገዢዎች ደብዳቤ ጻፉ። የላክሁላችሁ ባትሪ ያለ ጥንቃቄ የታሸገ ነበር፤ ደርሷችሁ እንደሆነ ንገሩኝ፤ ካልተከፈተ ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት አሉ። መልሱ እያደር መጣ። ደርሶናል፤ ደህና ነው፤ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። አንዲት ሴትዮ ስለተጨነቁልኝ አመሰግናለሁ ብላ የፋኖሱን ፎቶ ላከች። አርባው መለሱ።

አንዱ ብቻ አልመለሰም። ባለፋኖሱ ጠዋት ጠዋት ስልካቸውን ከፍተው ያያሉ፤ የለም። ልጅቱን ለመኗትና በመጋዘኑ መዝገብ ፈለገችላቸው። ካርቶኑ ከዚህ ወጥቶ በሌላ አገር ያለ አንድ መጋዘን ገብቷል፤ ከዚያ ለሌላ አስተላላፊ ተላልፏል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠፍቷል። አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ከማን ካርቶን ሥር እንደሆነ ሳይታወቅ፣ የቤት ጌጥ ተብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ልጅቱ አጎቷ በጭንቀት ሲከሱ አይታ አዘነችላቸው። ከእሳቸው እጅ ከወጣ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ ሦስት መጋዘን እንደተቀባበለው፣ ከእንግዲህ ማንም እንደማይጠይቃቸው ነገረቻቸው።

«የሁለተኛውን መጋዘን አድራሻ ጻፊልኝ» አሉ። «እስኪገኝ ድረስ የእኔ ነው።»