የመምህርት ጥሩነሽ ቅዳሜዎች

ድምፄ ቢቆራረጥባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለቀብር በመጣ ይኼን ያህል ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም፤ ግን የአክስቴ ባለቤት ጋሼ አንተነህ «የሕይወት ታሪኳን አንቺ አንብቢላት፣ የእህቷም ልጅ ነሽ፣ ተማሪዋም ነሽ» ስላሉኝ ቆሜያለሁ።

አክስቴ መምህርት ጥሩነሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች በ1966 ዓ.ም. መርጡለ ማርያም አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው መድኃኒት አዋቂ ስለነበሩ ቅጠል ሊቆርጡ የሚወጡት ጎህ ሳይቀድ፣ ከማንም ሳይነጋገሩ ነበር። አክስቴ እየተከተሉ ሲጠይቋቸው «ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሸሻል፣ ለሴት ልጅማ ጭራሽ» ብለው ይመልሷቸዋል። አክስቴም ቅጠሉን ከቅጠል፣ አበባውን ከአበባ እያስተያዩ ለብቻቸው መለየት ለመዱ።

ደብረ ማርቆስ መምህርነት ተምረው እዚህ ሮብ ገበያ ባዮሎጂ እንዲያስተምሩ ተመደቡ፤ ከጋሼ አንተነህ ጋር ተጋብተውም ማሬንና እንዳላማውን ወለዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ጮቄ ተራራ ይወጡ ነበር። «ነቅላችሁ አታምጡልኝ፣ ካለበት ሄዳችሁ እዩት፤ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ቅጠሉ ብቻውን አይነግራችሁም» ይሉናል። መንገድ ላይ አንዱ «ስር ማሽ ቅጠል በጣሽ መጣች!» ሲላቸው «መጣሁ፤ አንተ ቅጠል አይደለህም፣ ምን አስፈራህ?» ብለው እየሳቁ ያልፋሉ።

እኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። አምና ሁለት የኮሶ ዛፎች አሳዩን። የአንዱ አበባ ቀይ ነው፣ የሌላው ፈዘዝ ያለ፤ ሁላችንም ሁለት ዓይነት ዛፍ ናቸው አልን። «ቅጠላቸውስ?» አሉን። ቅጠላቸው አንድ ነው። ጠጋ ብዬ ስነካው የፈዛዛው አበባ ጣቴ ላይ ብናኝ ተወ፣ ቀዩ ግን ምንም አልተወም። «ቲቸር፣ አንድ ናቸው! ወንዴና ሴቴ ናቸው!» ብዬ ጮኽኩ። «ጎሽ ሕሊና! ሰኞ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ጩኺልኝ» አሉኝ። ጮኽኩ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ አይወርድም።

ዘንድሮ አክስቴ ታመሙ። ሐኪሙ ኩላሊት ነው ቢልም ሰዉ «ቅጠሉ ነው የለከፋት» አለ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከቅዳሜው ጉዞ አንድ በአንድ አስቀሩ። መጨረሻ ላይ ባለሱቁ ጋሼ ያሕያ ልጃቸውን፣ ጓደኛዬን ፈውዚያን ከለከሏት። አክስቴ አልጋ ላይ ሆነው «አሁን የሚወጣ ማን ቀረ?» ሲሉኝ «እኔ ብቻ» አልኳቸው። «አንድ ሰው ብቻውን ከወጣ ጉዞው ቀረ ማለት ነው። ሂጂና ሰው ጥሪ» አሉኝ። «እኔን ማን ይሰማኛል?» ብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህታቸውን እናቴን፣ ያስተማሩንንም ሁሉ ትተው ሄደዋል። የእያንዳንዱን ቅጠል ስም የሚያውቅ አምላክ እሳቸውንም በስማቸው ጠርቶ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ዛሬ ጠዋት እንደነጋ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳልገባ፣ መጀመሪያ ጋሼ ያሕያ ሱቅ ሄድኩ። ገና በሩን እየከፈቱ ነበር። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ፈውዚያን ይዤ ጮቄ ልውጣ፣ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው። «እስቲ ከቀብር በኋላ» አሉኝ። ይኸው፣ ከኋላ ቆመዋል፤ ቀብሩ እንዳበቃ መልሳቸውን እጠይቃቸዋለሁ።