ስሟን የፈራችው ገጣሚ

ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ማራኪ ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ተሳፈርኩ። ከፊቴ አንዲት ተማሪ ወረቀት ይዛ ታነበንባለች። አጠገቧ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ አዛውንት ተቀምጠዋል።

“ምነው ልጄ፣ ጸሎት ነው?”

“ግጥም ነው አያ። ዛሬ ክፍል ውስጥ አነበዋለሁ። ፓኪስታን ውስጥ ሳራይኪ የሚባል ቋንቋ አለ፤ በዚያ ቋንቋ ገጣሚዎች ደንብ ግጠሙ ተብለን ነው።”

“ደንባቸው ምንድን ነው?”

“ወንዱ ገጣሚ እንደ ሴት ሆኖ ይናፍቃል። የሚናፍቀው ግን ፈጣሪን ነው።”

“ጢሙን ይዞ?”

“ጢሙን ይዞ!”

ታክሲው በሳቅ ሞላ።

“ሸጋ ነው! ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?”

“የመጨረሻው ስንኝ ላይ ገጣሚው የራሱን ስም ያስገባል። የእኔ ስም ክፍሉን ያስቃል ብዬ ሄለን አልኩ።”

“ሄለን ማን ናት?”

“ማንም።”

“ታዲያ ማንም ያልሆነችው ናት ፈጣሪን የምትናፍቀው? ስምሽ ማን ነው?”

“ትርንጎ።”

ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሳቀ።

“ዝም በል አንተ! በይ ልጄ፣ በስምሽ፣ ጮክ ብለሽ።”

ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠረገች፦

“ደጅ ደጁን ሳይ ነጋብኝ፣
ትርንጎ ብለህ ጥራኝ።”

“ድገሚው!” አለ የሳቀው ጎረምሳ።

ስትደግመው ታክሲው በሙሉ ተቀበላት፤ ሹፌሩም በጥሩንባ አጀባት። ልጅቱ እየሳቀች እስክሪብቶ አወጣችና ሄለንን ሰረዘቻት።

እኔም ግጥሙን በልቤ ደገምኩና በትርንጎ ፈንታ የራሴን ስም አስገባሁ።