ሐምሌ ላይ የተበላ ገና

ነይ ግሌንዳ፣ ነይ ጥላው ሥር ተቀመጪ። ወንበሩን ወደዚህ ሳቢው፣ እዚያ ፀሐዩ ይመታሻል። ካናዳ ውስጥ ይኼ ምን ዓይነት ሙቀት ነው እቴ! የሙስኮካ ሐይቅ ትንኝ እንኳ ፈርታ ተደብቃለች። የሎሚ ውኃ ልቅዳልሽ? ይኼን ጣቴን አትዪው፤ ትናንት ቢላ ቆርጦኝ ጥጥ ፍለጋ ሱቅ ብሄድ አልቋል አሉኝ። ለካ የአገሩ ጥጥ በሙሉ እዚሁ ከጎናችን፣ ሣሩ ላይ በረዶ ሆኖ ተነጥፏል!

ምን ይደረግ፣ የሐምሌ ገና ነው። የዕረፍት ካምፑ ሰው በያመቱ ተጎታች ቤቱን እያስጌጠ ይወዳደራል፣ እኛም እናያለን። የዘንድሮው ግን… የዘንድሮው ይለያል። ቀስ ብለሽ ዞር በይና እዪ። አታፍጥጪ እንጂ! ጎረቤታችን መሰላል ላይ ናት፣ ደንግጣ ትወድቃለች። እጇ አምፖል እየሰቀለ ነው… ጆሮዋ ግን ሥራ አልያዘም።

እኔ ባለሙያ ሴት ስወድ! የፕላስቲኩ ጥድ፣ ጣሪያው ላይ የወጡት አጋዘኖች፣ ምን የቀራት ነገር አለ? ዓይኔን የሳበችው ግን ደጃፉ ላይ፣ የሚወዛወዘው ወንበር ላይ የተቀመጠችው አሮጊት ናት። የገና አባት ሚስት ናት አሉ። ቀይ የሱፍ ካባ፣ የሱፍ ቆብ፣ የሱፍ ጓንት… በዚህ ንዳድ! ጉንጯም ቀይ ተቀብቷል። አሻንጉሊት መስላኝ «ወይ ጉድ፣ ሰው አትመስልም!» ብዬ ልነካት ስጠጋ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ውኃ ይኖርሻል?» አይሉኝም መሰለሽ! ለካ እማማ ቨርና ናቸው። የባለቤቲቱ የገዛ እናት።

ውኃውን ሰጠኋቸው። አጥፍቼ ከሆነ እንጃ… ቀለማቸው እንዳይለቅ ተብሎ እንደሆነስ?

ሰው ክፉ ነው፣ «እናቷን ጌጥ አደረገቻቸው» ይላል። ምን አለበት? ስንቱ እናቱን መጦሪያ ቤት ጥሎ ይረሳ የለም ወይ? የኛዋ በያመቱ ሐምሌ ሲገባ አትረሳም፣ ሄዳ ታወጣቸዋለች። ጥዱንም ታወጣለች፣ አጋዘኖቹንም ታወጣለች… ሲያልቅ ደግሞ ሁሉንም አራግፋ ወደየቦታው ትመልሳለች። ሥርዓት ያለው ሰው እንዲህ ነው።

እማማ ቨርና መርሳት ጀምሯቸዋልና እውነተኛው ገና መስሏቸዋል። ጠዋት «በረዶው የት ገባ?» ብለው ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ቀልጦ ነው እማዬ» ተባሉ። እንዲህ ያለ መልስ ለእኔ ቢሆን ሳምንት ባስብ አይመጣልኝም።

አትሳቂ ግሌንዳ፣ ብልህነት እኮ ነው! ገናን ሐምሌ ላይ በልተሽ ከጨረስሽው ታኅሣሥ ላይ ማን ይጠይቅሻል? ፍሎሪዳ ወርደሽ እግርሽን ባሕር ውስጥ መንከር ነው። «ሲበርድ በእጅ፣ ሲያቃጥል በማንኪያ» ይባል የለ? የኛዋ አሻሽላዋለች… ሲሞቅ በእጇ፣ ሲበርድ በስልክ። ስልኩም ቢሆን በበዓል መስመሩ ይጨናነቃል፣ አይፈረድባትም።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ መጦሪያው ለቤቴ ቅርብ አይደል፣ በገና ዋዜማ ኬክ ቢጤ ይዤ ብቅ አልኩ። እማማ ቨርና ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በር በሩን ያያሉ። ነርሷን ጠየቅኋት። «ቤተሰብ ያላቸው ሄደዋል፤ የእሳቸው ሐምሌ ላይ ተከብሯል ተብሎ ተነግሮናል» አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ «ገና እኮ አልፏል እማማ» አለቻቸው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ተኝቼ አለፈኛ! ልጄ መጥታ፣ እንዳትቀሰቅሰኝ ብላ ተመልሳ ይሆናል። ሩኅሩኅ እኮ ናት…»

ሩኅሩኅ ናት ያሉት እናቷ ናቸው፣ እኔ አላልኩም።

እኔማ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ቅናት ይሆናል፣ ምን እደብቅሻለሁ? እናቴ ከሞተች ወዲህ ሐምሌ ላይ የማወጣት፣ ታኅሣሥ ላይ የምረሳት ሰው የለችኝም።

ዘንድሮ ደግሞ ቅጠሉ ሳይረግፍ ፍሎሪዳ መሄዷ ነው አሉ። ትሂድ እንጂ፣ ምን ያስቀራታል? እሳቸው እንደሆኑ ካፖርታቸውን ለብሰው ይጠብቃሉ፣ ነርሷ «አልፏል» ትላቸዋለች፣ አምነው ይተኛሉ። እንዲህ ያለ የማያስቸግር እናት የት ይገኛል?

ውይ… መሰላሉ ተነቃነቀ እንዴ? አምፖሉም ወደቀ! ንፋስ ነው። ንፋስ የለም? እንግዲያው ሙቀቱ ይሆናል።

ልጇንስ አየሻት? ኬንድራን? ያቺውልሽ ስልኳን ይዛ። ከጠዋት ጀምራ አያቷ ሲለብሱ፣ አያቷ ሲያልባቸው፣ አንድ ሳይቀር ትቀርጻለች። ዓይኗ የማያመልጠው ነገር የለም። ታድላ! ልጅ ከእናቷ ካልተማረች ከማን ትማራለች?

በይ ሰው ከማማት መመረቅ ይሻላል። ብርጭቆሽን አስቀምጪና እጅሽን ዘርጊ። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣት። ፀጉሯ እስኪነጣ፣ ጉልበቷ እስኪደክም ያኑራት። ጧሪ ልጅ አያሳጣት። እሷ ለእናቷ ያደረገችውን ሁሉ… ምንም ሳያጎድሉ፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ ልጆቿ ለእሷ ያድርጉላት!

አሜን በይ እንጂ ግሌንዳ! ምን ያፈዝሻል? እዪ፣ እማማ ቨርና እንኳ አሜን አሉ።