የጋሽ ጫንያለው ትከሻ

ደሴ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ የልጆች መጽሐፍ የምትጽፈው ጥሩአየሁ በታናሽ ወንድሟ በሠዓሊው አምሳሉ ቤት፣ ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት መግባት ያለባቸውን የመጽሐፏን ሥዕሎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታገላብጣለች፤ እሱ ነጭ ቀለም የነከረ ብሩሽ ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

ጥሩአየሁ፦ ሱሪውን አውልቅላት አልኩህ።

አምሳሉ፦ እትዬ፣ በሁለት እግሯ ቆማለችኮ። ሽፋን ላይ የቆመች አህያ ራቁቷን ለሕፃናት ላሳይ?

ጥሩአየሁ፦ መጀመሪያስ ማን አቁማት አለህ? ፈጣሪ አራት እግር ሰጣት፤ አንተ ሁለቱን ቀምተህ ሱሪ ትሸልማታለህ?

አምሳሉ፦ ጭፈራ የምትወድ ውርንጭላ ሣልልኝ አልሽ። ጭፈራ ደግሞ በእግር ነው።

ጥሩአየሁ፦ የት አገር? እኛ ያለነው ደሴ ነው። እስክስታ በትከሻ ነው፤ እግር ቆሞ ይመለከታል።

አምሳሉ፦ ትከሻ እንዴት ይሣላል? ሥዕል አንዴ ከቆመ የቆመ ነገር ነው። ትከሻዋን ከፍ ባደርገው ያመማት ትመስላለች፤ ዝቅ ባደርገው የተቆጧት። ፈረስ ብታደርጊያት ኖሮ እኮ በጋማው እገላገል ነበር።

ጥሩአየሁ፦ ፈረስማ ሲወለድም እየጨፈረ ነው፤ ማን ይገረማል? አህያ ስትጨፍር ነው ሰው ቀና የሚለው። ደግሞ ትከሻ አይሣልም ያለው ሰው ይቺን ማን ሣለለት?

አምሳሉ፦ የቷን?

ጥሩአየሁ፦ ምንጭ ላይ ያለችውን። አራቱም እግሯ መሬት ነክቷል። ከጀሪካኑ ውኃው በግራ ብቻ ተረጭቷል፤ ቀኝ ትከሻዋ ሊመለስ ነው። ሳያት የኔም ትከሻ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

አምሳሉ፦ እሷን በኋላ ነው የሣልኳት።

ጥሩአየሁ፦ ከማን አይተህ?

አምሳሉ፦ እንዲሁ መጣልኝ። ሻይ ላፍላልሽ?

ጥሩአየሁ፦ ሻይህ ይቆየኝ። ይሄስ ምንድነው? ግድግዳ ነው?

አምሳሉ፦ አባቷ ናቸው፤ ጋሽ ጫንያለው።

ጥሩአየሁ፦ በየገጹ ጀርባቸውን የሰጡት ማንን አኩርፈው ነው?

አምሳሉ፦ ጭነት ደህና አድርጎ የሚታየው ከጀርባ ነው።

ጥሩአየሁ፦ እኔ የጆንያ መጽሐፍ አልጻፍኩም፤ የአባትና የልጅ ነው የጻፍኩት። ረስተኸው እንደሆነ ላንብብልህ። «ወፍጮው ከወንዙ ማዶ፣ ገበያው ከወንዙ ወዲህ፤ በመካከሉ አንዲት ውርንጭላ ነበረች፣ ስሟም ዱብዱብ። ከበሮ የሰማች እንደሆነ ትከሻዋ ከጆሮዋ ቀድሞ ይሰማል። ውኃ ልታመጣ ወርዳ ግማሹን ለመንገዱ ታጠጣዋለች። አባቷ ጫንያለው ግን፣ ‹አህያ የተፈጠረው ለጭነት ነው፤ ጭፈራ የሥራ ፈት ነው› ይላታል።»

አምሳሉ፦ «ይሏታል» በይ። ትልቅ አህያ ናቸው።

ጥሩአየሁ፦ ሲጨፍሩ አከብራቸዋለሁ።

አምሳሉ፦ እትዬ፣ ሞኝ አታድርጊኝ። «ጭፈራ የሥራ ፈት ነው» ብዬ ልጄን ምንታምርን የተናገርኳት ባለፈው ሰኞ እዚሁ ቤት ነው። አንቺም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ቆሎ ትበዪ ነበር።

ጥሩአየሁ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ አፋፉ ላይ ስቆም አገኘሁት፤ ጻፍኩት።

አምሳሉ፦ እና እኔ አህያ ነኝ?

ጥሩአየሁ፦ እኔ አልወጣኝም። ግን ልጅህ በር ላይ ተቀምጣለች፤ ሳም አድርጊኝ ብላት ጉንጯን ብቻ ሰጠችኝ። ፊቷ እንደ ዳቦ አብጧል።

አምሳሉ፦ ያልፍላታል።

ጥሩአየሁ፦ አስካልስ ምን አለች?

አምሳሉ፦ ሚስቴ? ከሰኞ ወዲህ የምታናግረኝ ስለ ሽንኩርት ብቻ ነው። «ሽንኩርት አልቋል» ትለኛለች፤ እገዛለሁ፤ «በስብሷል» ትለኛለች።

ጥሩአየሁ፦ እሰይ፣ ደግ አደረገች። አስተማሪዋ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ መርጣ፣ ነገ በወላጆች ቀን ጭፈራውን ክፈቺ ያለቻትን ልጅ ትከለክላለህ? ቀሚሱ ተሰፍቶ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

አምሳሉ፦ ፈተና አለባት።

ጥሩአየሁ፦ ፈተናው አልቋል። ሁለተኛ ወጥታለች።

አምሳሉ፦ አንደኛ መውጣት ነበረባት።

ጥሩአየሁ፦ አንተ ስንተኛ ነበር የምትወጣው?

አምሳሉ፦ የኔን ተይው። ደግሞ ትላንት አስነጥሷታል። አዳራሹ ብርድ ነው።

ጥሩአየሁ፦ ፈተና አለፈ፣ ጉንፋን መጣ። አስተማሪዋ እስከ ምሳ ሰዓት መልስ ካላገኘሁ ሌላ ልጅ እተካለሁ ብላለች፤ ማተሚያ ቤቱም ከምሳ በፊት ይዘጋል። አንተ ደግሞ መጨረሻው ገጽ ላይ ጀርባ ሥለህ ቆመሃል።

አምሳሉ፦ መጨረሻው ገጽ ላይ አንቺም ምንም አልጻፍሽ። ዱብዱብ ሰርገኞቹን አስጨፈረች፤ ከዚያ ከአባቷ ፊት ሄዳ ቆመች። «አባዬ፣ ጭነቱ ያለው ጀርባህ ላይ ነው፤ ትከሻህን ማን ያዘብህ?» አለችው። ከዚያ ባዶ ወረቀት ነው። እሳቸው ምን አሉ? ምን አደረጉ?

ጥሩአየሁ፦ አንተ ሣልና እኔ እጽፋለሁ።

አምሳሉ፦ አንቺ ጻፊና እኔ እሥላለሁ።

ጥሩአየሁ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።

አምሳሉ፦ ማንን ነው የፈራሁት?

ጥሩአየሁ፦ እሱን ከአንተ አፍ ልስማው። ነገ ምንታምር ጭፈራውን ከከፈተች በኋላ ምን ታደርጋለች?

አምሳሉ፦ ወርዳ ትቀመጣለች።

ጥሩአየሁ፦ አምሳሉ።

አምሳሉ፦ እሺ፤ ከመድረክ ትወርዳለች።

ጥሩአየሁ፦ ወርዳስ?

አምሳሉ፦ ወጉን እያወቅሽ ለምን ታስለፈልፊኛለሽ? ጭፈራ የከፈተ መጀመሪያ የራሱን ሰው ይጠራል። ፊቴ መጥታ ትከሻዋን ትነቀንቅልኛለች። አዳራሽ ሙሉ ወላጅ አንገቱን ያሰግጋል። ተቀምጬ ባያት ስድብ ነው፤ ብነሣ ደግሞ ጉድ ነው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው።

ጥሩአየሁ፦ ምን ጉድ አለው?

አምሳሉ፦ በሰርጌ ቀን የተዘፈነውን ረሳሽ?

ጥሩአየሁ፦ «ሙሽራው ቆሞ ቀረ እንደ ዋርካ ግንድ፣
እስቲ ነፋስ ጥሩ፣ ይነቀንቀው ዘንድ።»

አምሳሉ፦ ዜማውንም አልሳትሽው። ይኸው አሥራ ምናምን ዓመቴ፣ ሱቅ ስገባ ባለሱቁ «ግንዱ፣ ምን ልስጥህ?» ነው የሚለኝ። ጎጃሜ ብሆን፣ ጎንደሬ ብሆን ሰበብ አላጣም ነበር ይሉኛል፤ ወሎዬ ሆኖ ትከሻው የማይነሣ እኔን ብቻ ነው ያዩት።

ጥሩአየሁ፦ ጎንደሬውም ጎጃሜውም ከአንተ በላይ ይነቀንቃል፤ አትሸሸግባቸው። እና ለባለሱቁ ሳቅ ብለህ ነው ልጅህን ያስለቀስካት?

አምሳሉ፦ ለባለሱቁ አይደለም። እኔንማ ለምጄዋለሁ። ልጄ ፊት ሲስቁብኝ ነው የማልችለው። እስካሁን አባቴ ሁሉን ነገር ይችላል ብላ ነው የምታምነው። ብስክሌቷን እኔ ነኝ የምጠግንላት፤ አንበሳ ብትለኝ አንበሳ፣ መርከብ ብትለኝ መርከብ እሥልላታለሁ። ነገ አዳራሽ መካከል አቁማኝ ግንድ መሆኔን ብታየውስ? ታፍርብኛለች፣ እትዬ። እሱን ነው የምፈራው፤ ሌላ ነገር የለኝም።

ጥሩአየሁ፦ እንዲህ ብለህ ብትናገር ኖሮ ሰኞ ቆሎዬን በሰላም እጨርስ ነበር።

አምሳሉ፦ ሳቂ።

ጥሩአየሁ፦ አልሳቅኩም። ስማኝ፤ ልጅ በማይችል አባት አታፍርም። ጠርታው በማይነሣ አባት ነው የምታፍረው። አሁን በር ላይ የተቀመጠችው ለምን መሰለህ?

አምሳሉ፦ ተናዳብኛ።

ጥሩአየሁ፦ ጠርታህ ስላልተነሣህ ነው። ገና ሳትጠራህ ከልክለህ ቀደምካት፤ እሱም አለመነሣት ነው። ይልቅ አሁን ንገረኝ፤ የምንጯን ዱብዱብ ከማን አይተህ ሣልካት?

አምሳሉ፦ ... ከምንታምር።

ጥሩአየሁ፦ ጨፍሪልኝ ብለሃት?

አምሳሉ፦ ጓሮ ልብስ አሰጣለሁ ብላ ወጥታ ስትለማመድ፣ በመስኮት።

ጥሩአየሁ፦ ከልክለህ ደግሞ ትሰርቃለህ?

አምሳሉ፦ ምን ላድርግ? ታምራለቻ። እርጥቡን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እንዳይወድቅባት እየተጠነቀቀች ስትነቀንቀው፣ የያዝኩት እርሳስ ከእጄ ወደቀ። ያን ቀን ያስለቀስኳት እኔ መሆኔን ረስቼ ላጨበጭብ ነበር።

ጥሩአየሁ፦ ታዲያ የጋሽ ጫንያለውን ትከሻ ለምን አልሰረቅህም?

አምሳሉ፦ ከማን? መስተዋት ፊት ቆሜ ሞከርኩ።

ጥሩአየሁ፦ እና?

አምሳሉ፦ መስተዋቱ አዘነልኝ።

ጥሩአየሁ፦ እስቲ እኔ ደግሞ ልይ። ቀኝህን ከፍ።

አምሳሉ፦ እትዬ፣ አሁን በዚህ ሰዓት...

ጥሩአየሁ፦ ከፍ አልኩህ። ትከሻህን ነው ያልኩህ፣ ቅንድብህን አይደለም።

አምሳሉ፦ ቆይ፣ ብሩሹን ላስቀምጥ።

ጥሩአየሁ፦ ተወው። ልታስቀምጥ ስትሄድ ሐሳብህን ትቀይራለህ። አሁን ግራ። ትንፋሽህን ልቀቀው፤ ታንቆ እስክስታ የለም።

አምሳሉ፦ እንዲህ?

ጥሩአየሁ፦ እንዲህማ ሰው ከዕዳ ሲሸሽ ነው። ላጨብጭብልህ፤ እጄን ተከተል። እስክስ በል።

አምሳሉ፦ ኧረ ቀስ፣ ልጅቷ ትሰማለች።

ጥሩአየሁ፦ ትስማ። ቀኝ፣ ግራ። አንገትህን ተወው፤ እሱ የራሱ አገር አለው። ቀኝ፣ ግራ። አየህ? ብርድ የመታው ሰው ትመስላለህ፤ ግን መጣህ።

አምሳሉ፦ መጣሁ?

ጥሩአየሁ፦ ትንሽ መጣህ። አታቁም። እስክስ።

አምሳሉ፦ ወይኔ። ወይኔ እትዬ፣ ቀለሙ።

ጥሩአየሁ፦ ምን ሆነ?

አምሳሉ፦ ብሩሹ ተረጨ፤ ጋሽ ጫንያለው ላይ። ነጭ በነጭ አደረግኋቸው። አንድ ቀን ሙሉ የለፋሁበት የመጨረሻው ገጽ። አልኩሽ፤ እኔና ጭፈራ አንገናኝም አልኩሽ። ጨርቅ የታለ?

ጥሩአየሁ፦ አትንካው።

አምሳሉ፦ ሳይደርቅ ልጥረገው እንጂ።

ጥሩአየሁ፦ እጅህን ሰብስብና ወደዚህ ና። ከዚህ ሆነህ እየው። ምን ይታይሃል?

አምሳሉ፦ የተበላሸ አህያ።

ጥሩአየሁ፦ ከየት ነው የሚመጡት?

አምሳሉ፦ ከወፍጮ ቤት።

ጥሩአየሁ፦ ጆንያው ምን አለበት?

አምሳሉ፦ ዱቄት።

ጥሩአየሁ፦ ዱቄቱ ምን ሆነ?

አምሳሉ፦ ... በነነ።

ጥሩአየሁ፦ ለምን በነነ?

አምሳሉ፦ ተነቃንቀው።

ጥሩአየሁ፦ ማን?

አምሳሉ፦ ጋሽ ጫንያለው። እትዬ፣ ተነቃንቀው ነው። በቀኝ በኩል ብዙ በኗል፤ በግራ ገና እየጀመረ ነው። ይሄማ እስክስታ ነው። ሥዬ ያቃተኝ ተረጭቶ መጣ።

ጥሩአየሁ፦ ትከሻህ ነው የሣለው። እኔ እማኝ ነኝ።

አምሳሉ፦ ግን ጀርባቸውን እንደሰጡ ናቸው። ልጃቸው ስትጠራቸው ጀርባ ሰጥቶ መጨፈር ደግሞ ምን ይሉታል?

ጥሩአየሁ፦ ዱብዱብን የት አቆምካት?

አምሳሉ፦ አልሣልኳትም። ቦታ አጣሁላት።

ጥሩአየሁ፦ እንግዲህ ፈልግላት።

አምሳሉ፦ ... ቆይ። ከፊታቸው ነው መቆም ያለባት፤ ከወዲያ በኩል። በእሳቸው ትልቅ ራስ ተሸፍና ሁለት ትንንሽ ጆሮ ብቻ ብቅ ይላል። በቃ። ጀርባ የሰጡት ለእኛ ነው። ፊታቸው ወደ ልጃቸው ነው።

ጥሩአየሁ፦ እንኳን ግድግዳ አደረግካቸው።

አምሳሉ፦ መጽሐፉን የገዛ ሁሉ ጀርባቸውን ያያል፤ ፊታቸውን የምታየው አንድ እሷ ናት።

ጥሩአየሁ፦ ጆሮዎቹን ቶሎ ሣል፤ እኔ እየጻፍኩ ነው። «ጋሽ ጫንያለው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ዱቄቱም በሰርገኛው ራስ ላይ በነነ፤ ዱብዱብም ሳቀች፣ አባቷም ደገሙላት።» በቃ?

አምሳሉ፦ «ይላታል» ያልሽውንም አርሚው። አሁን ጨፍረዋል።

ጥሩአየሁ፦ አርሜዋለሁ። አንተም ሱሪውን።

አምሳሉ፦ ማታ የሣልኩት ሌላ ሽፋን አለ፤ በአራት እግሯ ናት። ከሥር ነው የደበቅኩት፤ ልትስቂብኝ ነው ብዬ።

ጥሩአየሁ፦ ይሄ መደበቅ የሚሉት ነገር አለብህ። እንግዲህ ሥዕሉን እኔ ይዤ እሮጣለሁ። የአስተማሪዋ መልስስ?

አምሳሉ፦ አዳራሹ በጣም ሰፊ ነው አይደል?

ጥሩአየሁ፦ ሰፊ ነው። አራት መቶ ሰው ቢቀመጥ ይይዛል።

አምሳሉ፦ ጀርባ መስጠት ይቻላላ።

ጥሩአየሁ፦ ለአዳራሹ? ማን ይከለክልሃል? ወጉ ፊትህን ለጠራህ ሰው ስጥ ነው የሚለው።

አምሳሉ፦ ከጀርባ ደግሞ ግንድ ይሁን ሰው በቅጡ አይለይም።

ጥሩአየሁ፦ ትከሻህ ከተነቃነቀ ይለያል፤ አይዞህ። መልሱን ለአስተማሪዋ እኔ አደርሳለሁ። ለልጅህ ግን አንተው ንገራት፤ ጉንጯን ብቻ የሰጠችኝ በአንተ ጦስ ነው።

አምሳሉ፦ ስትወጪ ወደኔ ላኪያት።

ጥሩአየሁ፦ ምን ብዬ?

አምሳሉ፦ «አባትሽ ልምምድ ጀምሮ አስተማሪ አጥቷል» በያት። መጋረጃውንም ሳብ አድርጊልኝ፤ ጎረቤት እስከ ነገ ይታገሥ።