ድምፅዎን ይስጡኝ

ከግሽ አባይ በተሳፈርሁበት ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ትናንት በእማማ ይታይሽ ልጅ ለቅሶ ላይ፣ ያ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰውዬ መጣ።»

«ሊያስተዛዝን ነዋ!»

«እኔም መስሎኝ ቦታ ለቀቅሁለት። ንፍሮውን በላና ‹ምልክቴ ታንኳ ነው› እያለ ወረቀት ያድል ጀመር።»

«ድንኳኑ ውስጥ?»

«ድንኳኑ ውስጥ! እማማን ጉልበታቸውን ስሞ ‹ድምፅዎን ይስጡኝ› አይላቸውም!»

«ውይ! ምን አሉት?»

«ሦስት ቀን አልቅሰው ድምፃቸው ተዘግቷል። በሹክሹክታ ‹ድምፄማ ከልጄ ጋር ሄደ› አሉት።»

«እሱስ?»

«ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጦ ወጣ።»

ከትናንት የተረፉኝን የታንኳ ወረቀቶች ደረቴ ላይ ገልብጬ እንደያዝሁ መውረጃዬ ቢደርስም፣ «ወራጅ አለ» የምልበት ድምፅ አጣሁ።